ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው

ሻምበል ይርዳው ሞተውም ሰው ጥለው ሄዱ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ «ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው» እያለ ፍኖተ ሰላምን ሲዞር ያልሰማ የለም። ሰምቶ ያመነው ግን ጥቂት ነው። በእኛ አገር የስድስት ሰዓት ቀብር ማለት ሰው በስድስት ሰዓት ነጠላውን መፈለግ የሚጀምርበት ቀብር ነው። ስለዚህ ግማሹ ከተማ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነበር። ከቡሬ የመጡ የበርበሬ ነጋዴዎች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከሚመለሰው ለቀስተኛ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙና «ምነው ቸኮላችሁ?» ብለው ተቆጡ። ሾፌሩ ፈንታሁን «ሻምበል መቼ ሰው ጠብቀው ያውቃሉ?» ብሎ መለሰላቸው። ቀብር ላይ መሳቅ ነውር ነው። ሳቅን።

እኔ በሰዓቱ ደርሻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው ባሉበት ትኬት የቆረጥሁ ሴት ባረፍድ ማን ይምረኛል? አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ካህናቱ ተነሡ፣ ወንዶቹም አስከሬኑን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ይኼኔ ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ እጃቸውን ዘርግተው «ቆዩ» አሉ። ክንዳቸው ላይ የሻምበል ሰዓት አለ፤ ሰፍቷቸው ወደ ክርናቸው ይንሸራተታል። እሱን እያዩ ጥቂት ቆሙ። በዚያች መሃል አንድ ወፍራም ሽማግሌ እያለከለኩ በበሩ ገቡና ከሬሳ ሣጥኑ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። የሻምበል የጥንት ጓደኛ፣ ኮሎኔል መርሻ ነበሩ። እትዬ ይታይሽ እንደገና ሰዓቱን አዩና «በሉ፣ አሁን» አሉ። መለየት አቅቷቸው ነው ብለን አለፍነው።

ለማያውቋቸው ልናገር። ሻምበል ይርዳው የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። መኪና በተራው እንዲጭንና በሰዓቱ እንዲወጣ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ፊሽካቸው ካልተነፋ ጎማ አይንቀሳቀስም። ከዚያ በፊት፣ ገና ጢም ሳያበቅሉ፣ ከሽንዲ ገጠር ተመልምለው የጦር ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ተምረው፣ ከኮርሳቸው አንደኛ ወጥተው፣ በሽልማት አንድ የእጅ ሰዓት ተቀብለው መኮንን ሆኑ። ኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ሻምበልም ያንን ሰዓትና አንድ ካፖርት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጥቂት ዓመት ሽንዲ አረሱ። ከዚያ መናኸሪያው ቀጠራቸው።

ሲቀጥራቸው መናኸሪያው መናኸሪያ አልነበረም፤ የቅዳሜ ገበያ ነበር። መኪና የሚወጣው ሲሞላ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ሾፌሩ ጠግቦ ሲመጣ ነው። ሻምበል በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጆንያ ኖራ አስመጡና ግቢውን በሙሉ አሰመሩት። እዚህ የቡሬ፣ እዚህ የደምበጫ፣ እዚያ የባሕር ዳር። መስመር የረገጠ መኪና ተራው ይዘለላል። ረዳቶቹ ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ጥፍራቸውን ያሳያሉ። እኔን ደግሞ በትኬት መስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው «ሪፖርት?» ይሉኛል።

«ምን ሪፖርት አለ ሻምበል፣ ትኬት ነው የምቆርጠው።»

«ተነሺና ተናገሪ።»

«እኔ እኮ ወታደር አይደለሁም።»

«ወታደር ባትሆኝም ቀጥ ብሎ መቆም ወገብሽን አይጎዳውም።»

ተነሥቼ «ሁሉም ደህና ነው» እላለሁ። ደህና ባልሆነበት ቀንም ደህና ነው ብያለሁ። ወገቤ ግን የእውነት ደህና ነው፤ እኩዮቼ ሲጎብጡ እኔ አልጎበጥሁም። ይህን በሕይወት ሳሉ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ነገ ደግሞ ስፖርት ሥሪ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

የሚሳሳቱትም እንደ ተማሩት ነበር። አንድ ሰሞን ተሳፋሪው በር ላይ እየተጋፋ አስቸገረን። ሻምበል አንድ ቀን አስበው ሁሉንም በቁመት አሰለፉት፤ አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ። ለሰልፍ ያምራል፤ አልዋሽም፣ አምሮ ነበር። ግን መሪጌታ እንየው የሚባሉ ረጅም ሰው አሉ፤ ሚስታቸው ደግሞ ደረታቸው ላይ አይደርሱም። ሚስቲቱ ስንቁን ታቅፈው ከሾፌሩ ጀርባ ሲቀመጡ፣ መሪጌታ መጨረሻ ሆነው ወንበር አጡ። በመስኮቱ በኩል ሚስታቸውን እያዩ ቀስ ብለው «ሻምበል፣ እኛን ያጋቡን ቄስ እንኳ ሜትር አልያዙም ነበር» አሉ።

ሻምበል ወዲያው «ትክክል ነው። ትእዛዙ ተሽሯል» አሉ።

በማግስቱ አሠራሩን ቀየሩት። ማንኩሳ የሚወርድ በሩ አጠገብ፣ ቡሬ የሚወርድ ወደ ኋላ። እስከ ዛሬ የምንጭነው እንደዚያ ነው። ተሳስተው ሲያዩት መሳሳታቸውን ለመቀበል አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም ነበር። እኔ ይህን ካየሁባቸው አለቆች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛውን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

ሠርግ ሲጠሩ ደግሞ ጠሪውን ያሳቅቁታል። በትምህርት ቤታቸው ምሳ የሚበላው በደወል ነበርና፣ ሁለተኛው ወጥ ሳይመጣ እሳቸው ጨርሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ባለ ሠርጉ ምን ቅር አሰኘናቸው ብሎ ይጨነቃል። «ወደ» እና «ገደማ» የሚባሉ ቃላት ከአፋቸው አይወጡም። ዕድሜያቸውን የጠየቀ ወሩን ጨምረው ይነግሩታል። «ሻምበል፣ አንድ ዘመዴ እየደረሰ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁልኝ» ለሚል ሰው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው።»

ሦስት ሰዓት የቡሬ መኪና መውጫ ናት። ሻምበል ከመውጫዎች ሁሉ እሷን ይወዷታል። መንገዱ በተዘጋባቸው ሰሞኖች እንኳ፣ ግቢው ውስጥ አንድም መኪና ሳይኖር፣ ካፖርታቸውን ለብሰው መጥተው የቡሬ መስመር ላይ ይቆማሉ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፊሽካቸውን ይነፋሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ያኔ አልሳቅሁባቸውም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያስቸገረን ያ የሽልማት ሰዓታቸው ነው። አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይላል። ፈንታሁን ስልኩን አውጥቶ «ሻምበል፣ ሦስት ሰዓት ሞልቷል» ይላቸዋል።

«ስልክህ ነው የቸኮለው።»

«የሁሉም ሰው ስልክ?»

«የሁሉም።»

ሰዓት ሠሪው ዘንድ ልውሰደው ብዬ ለምኛቸዋለሁ። «ይህን ሰዓት ሰው አይነካውም» አሉኝ። ሽልማታቸው ነው፣ ይኩሩበት ብለን ተውናቸው። አገር ሙሉ ተሳስቶ ሻምበል ይርዳው ብቻ ትክክል ሆነው ኖሩ። በኋላቸው እየተጠቃቀስን ስንስቅባቸው ከርመናል፤ ከሁሉ የበለጠ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ስማቸው ከሽንዲ እስከ ደምበጫ የገነነው ግን ከእነዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ በሆነ ነገር ነው። ሚስቱን ጥሎ መኪና የሰደደ ይሏቸዋል። እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፣ ሰብለ። ባሕር ዳር ተምራ የምትመረቅበት ቀን ደረሰና ለባልና ሚስቱ የማለዳውን የአሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ትኬት እኔው ቆረጥሁላቸው። ጠዋት አብረው ከቤት ወጡ፤ እትዬ ይታይሽ በአዲስ ቀሚስ፣ ሻምበል በክራባት። መንገድ ላይ የጥሪ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ መቅረቱ ትዝ አላቸው። ያስቀሩት ሻምበል ናቸው። እትዬ ይታይሽ «እርስዎ ይቅደሙ፣ መኪናውን ያሰናዱ፤ እኔ ይዤው እደርሳለሁ» ብለው ተመለሱ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ተሳፋሪው ሁሉ ተቀምጧል፤ ሁሉም ወደ በሩ ያያል። ሾፌሩ «እትዬ ይታይሽ ይድረሱ እንጂ» አለ። እኔም በመስኮቴ አንገቴን አውጥቼ «ሻምበል፣ የልጅዎ ምርቃት እኮ ነው» አልሁ። ሻምበል ሰዓታቸውን አዩ፤ በሩን አዩ። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ፊሽካውን ነፉት። መኪናው ወጣ። እሳቸው ግን አልተሳፈሩም፤ ኖራው መስመር ላይ ቆመው ቀሩ።

እትዬ ይታይሽ ካርዱን ከፍ አድርገው እየሮጡ ሲደርሱ መኪናው አስፋልቱ ላይ እየታጠፈ ነበር። እኚህ ሴት ባላቸውን «እርስዎ» ከማለት ሌላ ብለው አያውቁም። ያን ጠዋት በመናኸሪያው ሰው ሁሉ ፊት «አንተ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሻምበል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

በቀጣዩ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ ባሕር ዳር ሄዱ። ሲደርሱ አዳራሹ ባዶ ነበር። ሰብለ ጋዋኑን መልሳ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኟት። ስሟ ሲጠራ ያጨበጨበላት የሰው ዘመድ ነው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የምርቃት ፎቶ ሰብለ ብቻዋን ናት።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሾፌር ትንሽ እንጠብቅ ብሎ አፉን አልከፈተም። ሚስቱን ያልጠበቀ ሰው የኔን ዘመድ ይጠብቃል ብሎ የሚለምንም ጠፋ። ሻምበል በሰው ዓይን ከፍ ከፍ አሉ፤ ገበያ ላይ ሳይቀር ይወራላቸው ነበር። እኔ ግን ተናድጄባቸው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሪፖርት?» ሲሉኝ ቁጭ ብዬ መለስሁላቸው። አልተቆጡኝም።

ወደ ጓደኞቻቸው ልምጣ። ያ የጦር ትምህርት ቤት ልጆቹን ምን እንደሚያበላቸው አላውቅም፤ ከዚያ የወጣ ሰው ወድቆ አይቀርም። ሠራዊቱ ሲበተን ሁሉም ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ከዚያ ግን አንዱ ክሊኒክ ከፈተ፣ አንዱ ትልቅ ትምህርት ቤት ያስተዳድራል፣ ኮሎኔል መርሻ ደግሞ የጭነት መኪኖች ባለቤት ሆኑ። በዓመት አንድ ጊዜ በየተራ አንዳቸው አገር ይሰበሰባሉ። ሻምበል ሁልጊዜ ሥራ አለብኝ እያሉ ይቀሩ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ጓደኞቻቸው «እንግዲያው እኛ እንመጣለን» ብለው ደወሉላቸው።

ያን ዕለት ሻምበል ወደ መስኮቴ መጡና ሪፖርት ሳይጠይቁኝ ቆሙ።

«ምነው ሻምበል?»

«ጓደኞቼ ሊመጡ ነው።»

«ደስ ይላላ!»

«መርሻ ያን ሁሉ መኪና አለው። አንደኛው ሐኪም ቀጥሮ ያሠራል። የኮርሱ አንደኛ እኔ ነበርሁ፤ ምን ደረሰ ብለው ነው የሚመጡት።» ካፖርታቸውን አስተካከሉ። «የሦስት ሰዓቷን የቡሬ መኪና አሳያቸዋለሁ። ያለችኝ እሷ ናት።»

ሰውዬው በዚህ ዓለም የሚያሳዩት አንዲት በሰዓቷ የምትወጣ አውቶቡስ ነው፤ እሷም በሰዓቷ አትወጣም። ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ሻምበል፣ አይቆጡኝና ሰዓትዎን በስልኬ እናስተካክለው። ጓደኞችዎ እኮ እንደ እኛ አይደሉም፤ አራቷን ደቂቃ ያዩብዎታል።»

ሰዓታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። «አይሆንም።»

«ለአንድ ቀን ብቻ። እነሱ ሲሄዱ መልሰው ያበላሹት።»

«አይሆንም አልሁሽ፣ ስንዱ።»

እንግዲህ ግትርነትዎ ያዋርድዎ አልሁ በልቤ። እንዲህ ማሰቤ አሁን ያሳፍረኛል።

ቀኑ ደረሰ። ኖራው ሌሊቱን የተሰመረ ይመስል ይነጣል። ረዳቶቹ ጥፍር ብቻ ሳይሆን ጫማም ታይቶባቸዋል። ፈንታሁን ከወንድሙ ክራባት ተውሶ አስሮ አንገቱን ማዞር አቅቶት፣ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ሰው እያየለት ነበር። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አራት ሽማግሌዎች መጡ። እቅፍ፣ ትከሻ መምታት፣ እንባም ነበረበት። ከዚያ ኮሎኔል መርሻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመስመሮቹ መሃል አለፉ። የተሰለፉትን መኪኖች፣ በወረፋቸው የቆሙትን ተሳፋሪዎች፣ ትኬት መስኮቱ ላይ ቀጥ ብዬ የቆምሁትን እኔን አዩ።

«ይርዳው፣ የኔ መኪኖች እኮ እንዲህ ቆመው አያውቁም» አሉ። ሲያሾፉ አልነበረም፤ ቀንተው ነበር። ሻምበል አንገታቸው ረዘመ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራቱም ሽማግሌዎች ባንድ ጊዜ እጃቸውን አነሡና ሰዓታቸውን አዩ፤ ያ ትምህርት ቤት ያስለመዳቸው ይመስለኛል። ሻምበል ፊሽካውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አልነፉም። አንድ ደቂቃ ሄደ። ጓደኞቻቸው ተያዩ። ሁለት ሄደ። አንዲት ሴት የበርበሬ ጆንያ አዝላ፣ ነጠላዋ እየተጎተተ፣ በበሩ ሮጣ ገባችና ተሳፈረች። ሦስት። ሻምበል ሰዓታቸውን ብቻ ያያሉ። አራት ሲሞላ ፊሽካው ተነፋና መኪናው ወጣ።

«ሦስት ከአራት!» አሉ ኮሎኔል መርሻ። ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። «ይርዳው ከአራት ደቂቃ በኋላ! ለአራት ሰከንድ መዘግየት እኛን ለአለቃ ሪፖርት ያደርግብን የነበረው ይርዳው!»

ሌሎቹም ሳቁ። ክፋት የለበትም፤ የጥንት ጓደኛ ሳቅ ነው። የሻምበል ጆሮ ግን ቀላ።

«ሰዓቴ አርጅቷል» አሉ።

ያን ሁሉ ዓመት ስልክህ ነው የቸኮለው ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ያን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ምሳ ላይ እኔም ተጠርቼ ነበር። ቀልዱ አልቆመም። ወሬውን ላስቀይር ብዬ «ለመሆኑ ያ ትምህርት ቤት ምን ቢያስተምራችሁ ነው ሁላችሁም እንዲህ የተሳካላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ኮሎኔል መርሻ ትእዛዝ መቀበል የለመደ ሰው ትእዛዝ መስጠት አያቅተውም አሉኝ። ባለ ክሊኒኩ አሰቡና «እኔን እንኳ የጠቀመኝ፣ ከመተኛቴ በፊት ዛሬ ምን አጎደልሁ ብዬ መጠየቅ ማስለመዱ ነው» አሉ።

«አንተስ ይርዳው?» አሉ ኮሎኔል መርሻ።

ሻምበል እንደ ልማዳቸው ጨርሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «እኔን ሰዓት አክባሪ አደረገኝ። ዛሬ አይታችሁኛል» አሉ።

እነሱ ሳቁ። እኔ አልቻልሁም። ወጥ ስታወጣ የነበረችው እትዬ ይታይሽም አልሳቀችም፤ ጭልፋውን ይዛ ባሏን ስታይ ነበር። ይቅርታ፣ ጭልፋውን ይዘው ሲያዩ ነበር ማለቴ ነው፤ ያን ቀን ሳስታውስ አንደበቴ ይሳሳትብኛል።

ሲሰነባበቱ ኮሎኔል መርሻ የገዛ ሰዓታቸውን ፈትተው በሻምበል እጅ ላይ አሰሩት። የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሰዓት ነው። «ይቺ አትዘገይም» አሉ። ሻምበል ሰላምታ ሰጥተው ተቀበሉ። በማግስቱ ግን አሮጌውን አስረው መጡ።

«አዲሱስ?» አልሁ።

«ይከብዳል» አሉ። የቡሬ መኪናም በሦስት ከአራት ወጣ።

ሻምበል ካረፉ በኋላ፣ አርባቸው በወጣ በማግስቱ፣ እትዬ ይታይሽ አስጠሩኝ። መናኸሪያው ስምሪቱን ለኔ እንደሰጠ ሰምተዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰዓት አስቀምጠዋል፤ የሚያብረቀርቀውንና አሮጌውን።

«አንዱን ምረጭ» አሉኝ። «ይኼ የመርሻ ነው፤ ትክክል ነው። ይኼ የሳቸው ነው።»

«እትዬ፣ የሳቸው እኮ ይዘገያል።»

«አይዘገይም። እሳቸው ናቸው ወደ ኋላ ያዞሩት።»

ከዚያ ነገሩኝ። ከባሕር ዳር ምርቃት ተመልሰው ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻምበል ደጃፉ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «ያን ቀን ስንት ደቂቃ ነበር የቀደምሁሽ?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ይታይሽ መመለስ አልፈለጉም ነበር። ኋላ «አራት ይሆናል» አሉ። ሻምበል ሰዓቱን ፈቱ፤ የጎኑን ማዞሪያ በጥፍራቸው ሳቡና አራት ደቂቃ ወደ ኋላ መለሱት። መልሰው አሰሩትና ወደ ሥራ ሄዱ።

«ይቅርታ አላሉኝም» አሉ እትዬ ይታይሽ። «እኔም ከዚያ ቀን ወዲያ አንተ ብያቸው አላውቅም።»

«ሻምበል ጓደኞቻቸው ሲስቁባቸው ምነው ዝም አሉ?»

«ይንገሯቸው ብያቸው ነበር። ወታደር ላጠፋው ነገር ምክንያት አያቀርብም አሉኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ደግሞ ሰው አራት ደቂቃ እንዳለው ካወቀ፣ አራቱን ጨምሮ ነው የሚዘገየው አሉ።»

በለቅሶና በሳቅ መሃል ቀረሁ። ያቺ የበርበሬ ጆንያ ያዘለች ሴት፣ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ እየሮጡ የደረሱት ሁሉ፣ ትዝ አሉኝ። ለካ እኛ ስንስቅ እሳቸው በየቀኑ እትዬ ይታይሽን ይጠብቁ ነበር። ቀብሩም ትዝ አለኝ። ኮሎኔል መርሻ የደረሱት በዚያች አራት ደቂቃ ነው። ለእሳቸው አልነገርሁም፤ እትዬ ይታይሽ ይንገሯቸው።

አሮጌውን ወሰድሁ። አሁን ሚስጥሩን እዚህ መጻፌ ሻምበልን ያስቆጣቸው ይሆናል፤ ግን የፍኖተ ሰላም ሾፌር እንደሆነ ከመኪና ጀርባ ላይ ከተጻፈ ጥቅስ ሌላ አያነብም።

ትናንት ጠዋት ፈንታሁን መሪውን ጨብጦ በመስኮቱ ስልኩን አሳየኝ።

«ስንዱ፣ ሦስት ሰዓት እኮ ሞላ።»

ወደ በሩ አየሁ። አንዲት አሮጊት በአንድ እጃቸው ዶሮ፣ በአንድ እጃቸው ጫማቸውን ይዘው ከአስፋልቱ ማዶ እየሮጡ ነው።

«ስልክህ ነው የቸኮለው» አልሁት።